ሳይዘፍን እንዳይሮጥ የተፈረደበት ሰው

ዛሬ ጠዋት የሠራሁትን ጉድ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት!

ቪዲዮውን ያያችሁ አላችሁ። አዎ፣ እኔው ነኝ።

አዎ፣ ሐይቁ ዳር። አዎ፣ በዚያ ሰማያዊ ቱታ። አዎ፣ እየሮጥኩ የሠርግ ዘፈን ስዘፍን።

ያውም በዐቢይ ጾም!

ስድሳ አራት ዓመቴ ነው። ጡረታ ወጥቻለሁ፣ የልጅ ልጅ አይቻለሁ፣ መጠጥ አልቀመስኩም፣ አላበድኩም። ዶክተሩ "አባት፣ ይሄ ቦርጭ ካልቀነሰ ስኳር ይመጣል" አለኝ። ልጄ ሕይወት የስፖርት ጫማ ገዛችልኝ። እኔም ሰው ሳይበዛ ልሩጥ ብዬ በጠዋት ወጣሁ። ጥፋቴ ይኼው ነው።

መቶ ሜትር ያህል በሰላም ሮጥኩ። ከዚያ አፌ በራሱ ጊዜ ተከፈተ።

እኔ አይደለሁም! እግሬ ነው ያዘዘው!

ሁለት ወጣቶች ስልካቸውን አወጡ። ቁርሴን ሳልጨርስ ሕይወት ደወለች። "አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው? አገር እያየህ እኮ ነው!" ኮሜንቱን ከፈትኩት። "አባባ ማንን ሊድሩ ነው?" ይላል አንዱ። "ሙሽራዋ አምልጣቸው ነው" ይላል ሌላው። በዚህችኛዋ እኔም ስቄያለሁ። ላይክ አድርጌያታለሁ።

እንግዲህ ከተዋረድኩ አይቀር በወጉ ልዋረድ። ሳልዘፍን መሮጥ የማልችለው ተፈርዶብኝ ነው። ፈራጁም ዕድር ነው። ቃለ ጉባኤ ላይ ፈርሜያለሁ!

ቀልድ እንዳይመስላችሁ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ብሔራዊ ውትድርና የተጀመረ ሰሞን ነው። ከተማችንን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። እኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፣ ሥራዬም ቴሌግራም ማደል። ቴሌግራም ስል ስልካችሁ ላይ ያለውን አይደለም! ወረቀቱን ነው። ከሩቅ አገር በሽቦ የመጣውን አጭር መልእክት፣ ካኪ ለብሼ፣ በመሥሪያ ቤቱ ብስክሌት በየቤቱ የማደርሰው እኔ ነበርኩ።

ስሜ ከበደ ነው።

አትሳቁ። አባቴ ስሙን ሲያወጣልኝ ገና ክንድ የማልሞላ ሕፃን ነበርኩ።

በዚያ ዓመት ዘጠና ስምንት ኪሎ ደረስኩ። ዛሬ ምንም ላይመስላችሁ ይችላል። ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን በራሽን በምንወስድበት ዘመን ግን ዘጠና ስምንት ኪሎ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ነገር ነበር! የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ስብሰባ ላይ ቦርጬን ሲያይ ሲያይ ቆይቶ፣ "ጓድ ከበደ፣ ከየት ነው?" ብሎ ጠይቆኛል። ከእናቴ ነው እንጂ ከየት ይሆናል!

እኔና ቦርጬ በሰላም ነበር የምንኖረው። ችግር ያለበት ብስክሌቱ ነው። ሁለት ጊዜ ቸርኬው ተጣመመ። በሦስተኛው አለቃዬ በመስኮት እያየኝ መሃሉ ላይ ለሁለት ተሰበረ። አስጠራኝ።

"ከበደ፣ ለዚህ ብስክሌት መለዋወጫ አገር ውስጥ የለም። ከብስክሌቱ ላይ የሚቀነስ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ካንተ ላይ ግን አለ።"

ብስክሌቱ ተበየደ። ለእኔ ደግሞ እስከ ፋሲካ ጊዜ ተሰጠኝ። አሥር ኪሎ ካልቀነስኩ ብስክሌት ወደማያስፈልግበት ገጠር ቅርንጫፍ እዛወራለሁ።

እኔ ከአዋሳ ልወጣ? ከሐይቁ? ከአሳ ጥብሱ?!

መሮጥ ጀመርኩ።

ከመቀጠሌ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ይህን ካላወቃችሁ ቀሪው አይገባችሁም። የሞት ቴሌግራም ለባለቤቱ አይሰጥም ነበር። መሥሪያ ቤቱ ያወጣው ደንብ አይደለም፤ የሰው ወግ ነው። "በጠና ታሟል፣ ቶሎ ድረሱ" የሚል ወረቀት ከመጣ ሞቷል ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ወደዚያ ቤት አልሄድም። ከጎረቤት አንድ ትልቅ ሰው ፈልጌ በጆሮው እነግረዋለሁ። ጎረቤቱ ተጠራርቶ በማግስቱ ማለዳ፣ ባለቤቱ ከቤት ሳይወጣ፣ አብሮ ሄዶ ያረዳዋል። መርዶ የጠዋት ነገር ነው።

እንግዲህ አስቡት። ሰሜን ጦርነት አለ። በየሰፈሩ ልጁ የዘመተበት ቤት አለ። ከዚያ ቴሌግራም አዳዩ ከበደ፣ ዝናብ ሲመጣ እንኳ ሮጦ የማያውቀው ከበደ፣ በማለዳ ካኪውን ለብሶ እየሮጠ ይታያል!

ካኪ ምን አስለበሰህ ትሉኝ ይሆናል። ቱታ የት አለና! ደግሞ የሰማሁት "ላብ እንዲወጣህ ወፍራም ልብስ ልበስ" የሚል ነው። ካለኝ ልብስ ሁሉ ወፍራሙ የመሥሪያ ቤቱ ካኪ ካፖርት ነበር። እስከ አንገቴ ቆልፌው ወጣሁ።

ሰዓት እላፊው አብቅቷል፣ ጎሕ ቀዷል። ሰፈራችን ዛሬ ምሥራቅ የምትሉት አካባቢ ነው፣ ያኔ ግማሹ የበቆሎ ማሳ ነበር። መጀመሪያ ያየኝ ላንቃሞ ነው። ላንቃሞ ባለጋሪ ነው፤ ፈረሱን ከጋሪው ጋር ሲያያይዝ አየኝና ቀጥ ብሎ ቀረ።

"ከበደ! የማን ቤት ነው?"

ልመልስለት ፈለግሁ። ትንፋሽ የለም! በእጄ ብቻ ወደ ፊት አመለከትኩት። "እንዲሁ ወደ ፊት ነኝ" ለማለት ነው።

ላንቃሞ ባርኔጣውን አወለቀ። ጋሪውን አዙሮ ቀስ እያለ ይከተለኝ ጀመር።

ደስ አለኝ! "ብወድቅ ጭኖ ይመልሰኛል" አልኩ በልቤ።

ወደ ወፍጮ ቤት የሚሄዱ ሁለት ሴቶች እህላቸውን አጥር ሥር አስቀምጠው ከኋላ ገቡ። አንድ አስተማሪ ደብተሩን እንደያዘ ተቀላቀለ። ዞር ብዬ ሳይ ሃያ ሰው ይሆናል። ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

እኔ ምን መሰለኝ?

በዚያ ዘመን በየስብሰባው ስለ ስፖርት ይሰበካል፣ ሰሚ ግን አልነበረም። ሕዝቡ እኔን አይቶ ተነቃቃ ብዬ አሰብኩ!

እውነቴን ነው። ኮራሁ። ፍጥነት ጨመርኩ። እነሱም ጨመሩ።

ነጠላውን አዘቅዝቆ የሚሮጥ ስፖርተኛ የት አገር አለ? አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ከዚያ ጉልበቴ ከዳኝ። ዓይኔ ጭልም አለ። አጠገቤ ያገኘሁትን የቆርቆሮ በር ደገፍ ብዬ ቆምኩ።

የማን በር እንደሆነ ገምቱ።

የእማማ አማረች!

እማማ አማረች ባላቸው የሞቱባቸው፣ ዳቦ ጋግረው እየሸጡ የሚኖሩ ሴት ነበሩ። አንድ ልጃቸው ታደሰ ዘምቷል። ታደሰ አብሮ አደጌ ነው፤ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ነው የተማርነው። ከሄደ በኋላ ሁለት ደብዳቤ ጻፈ፣ ከዚያ ስምንት ወር ሙሉ ዝም። እማማ በየሳምንቱ መሥሪያ ቤት ይመጡና "ዛሬስ?" ይሉኛል። "ዛሬ የለም እማማ፣ ነገ ይሆናል" እላለሁ። ዳቦ ሰጥተውኝ ይሄዳሉ። (ሊቀ መንበሩ ለጠየቀኝ "ከየት ነው" መልሱ ግማሹ እዚህ ነው።)

በሩ ተከፈተ። መጥረጊያ ይዘዋል። እኔን አዩ። ካኪውን አዩ። ከኋላዬ የቆመውን ሕዝብ አዩ።

"ታደሰ ነው?" አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

ላስረዳ ሞከርኩ። ከአፌ የሚወጣው አየር ብቻ ነው! "ቆይ፣ ትንሽ ልተንፍስ" ለማለት እጄን ወደ ላይ አነሳሁ።

ጎበዝ፣ እጄን ወደ ሰማይ አነሳሁ!

መጥረጊያው ወደቀ። የጮኹት ጩኸት ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ፤ እዚህ ላይ አልቀልድም። ከኋላዬ ያለው ሁሉ አብሮ ጮኸ። ላንቃሞ ፊቱን በባርኔጣው ሸፍኖ አለቀሰ። ከማዶ የዕድሩ ጥሩምባ ተነፋ።

በዚህ መሃል ትንፋሼ ተመለሰልኝ።

"ስፖርት ነው!" ብዬ ጮህኩ። "ማንም አልሞተም! ስፖርት ነው! ለመቅጠን ነው!"

ጥሩምባው መሃል ላይ ተቆረጠ።

እማማ አማረች መሬት ላይ እንደተቀመጡ ቀና ብለው አዩኝ። "ለምን ነው ያልከው?"

"ለመቅጠን፣ እማማ። ቦርጭ ለመቀነስ።"

መጥረጊያውን አነሱት።

ስንቴ እንደመቱኝ አልቆጠርኩም። የገላገለ ሰው ደግሞ የለም! ላንቃሞማ "ጨምሩለት እማማ፣ ጨምሩለት" ይላል። መጥረጊያው እስኪበተን መቱኝ። ከዚያ አንገቴ ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ። ከዚያ መሃል ላይ ሳቅ አመለጣቸው፤ እሳቸው ሲስቁ ሰፈሩ በሙሉ ሳቀ።

ለልቅሶ የመጣ ሰው ደግሞ ባዶ አፉን አይሸኝም። ለገበያ የጋገሩትን ዳቦ በሙሉ አወጡት። "ልጄ ዛሬ ሞቶ ተነሣ፣ ብሉ!" አሉ። ከጎረቤት ቆጮ በቅቤ መጣ። የዕድሩ ድንኳን መጥቶ ስለነበር ከሚመለስ ይተከል ተባለ። እስከ ረፋዱ በላን።

በላብ የወጣው ሁሉ በእጥፍ ተመለሰ።

እሑድ ዕድሩ ስብሰባ ጠራ። አጀንዳው አንድ ነው፣ እሱም እኔ ነኝ። ክሱ "ያለ መርዶ ሰፈር ማስለቀስ" ይላል። የዕድሩ ዳኛ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ "ከበደ፣ ሩጫው ይቅርብህ" አሉ።

ተነሥቼ ለመንኩ። "ካልቀጠንኩ ገጠር ይሰዱኛል! ከሰፈሬ ሊነቅሉኝ ነው!" አልኩ። ሰው አዘነልኝ። ግን ማን ዳግመኛ ያን ጠዋት ይፈልጋል? ሁሉም ወደ እማማ አማረች ዞረ።

እማማ ተነሡ።

"ይሩጥ" አሉ። "ልጁ እንጀራውን ሊያጣ አይገባም። ግን ዝም ብሎ አይሩጥ። ዝም ብሎ ሲሮጥ ካየሁት ታደሰ ይሞትብኛል። እየዘፈነ ይሩጥ። የሚዘፍን ሰው መርዶ አይዝም።"

ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ!

ከዚያ የምን ዘፈን ይሁን የሚለው ሁለት ሰዓት ፈጀ። የቀበሌው ተወካይ የአብዮት መዝሙር ይሁን አለ። አንድ ጴንጤ ጎረቤታችን "የለም፣ መንፈሳዊ..." ብለው ጀምረው ተወካዩን ሲያዩ ሳል መጣባቸው። በመጨረሻ በሠርግ ዘፈን ተስማሙ። በጾም ዘፈን ነውር ስለሆነ በጾም ጭብጨባ ብቻ ተባለ። ጸሐፊው መዘገበ፣ እኔም ፈረምኩ።

ድምፄን ቪዲዮው ላይ ሰምታችሁታል። ያኔም እንዲሁ ነበር።

ወሩ ጥር ስለሆነ መጀመሪያ ሰሞን የሠርግ ቤት ሰው መስያቸው መንገድ የጠየቁኝ አሉ! ጠዋት ጠዋት ካፖርቴን ቆልፌ፣ ሙሽራ ሳይኖረኝ፣ ሙሽራ እያወደስኩ ሰፈሩን እዞራለሁ። ልጆች ይቀበሉኛል። ላንቃሞ ከጋሪው ላይ ሆኖ እጁን ያነሳልኛል። እማማ በር ስደርስ "ድገመው" ይሉኛል፣ እደግመዋለሁ። ቆመው እስከ መጨረሻው ይሰሙኛል፣ ከዚያ "እሰይ፣ ዛሬም ደህና ነው" ብለው ይገባሉ። ልጃቸውን ማለታቸው ነው። ያቺን ቃል ለመስማት ስል የቀረሁበት ጠዋት የለም።

ግን አንድ ያላሰብነው ነገር ነበር። ዳኛውም አላሰቡት፣ ጸሐፊውም አልመዘገበው።

እኛ ዘንድ በር ላይ መጥቶ ለዘፈነ ይሰጠዋል! ለቡሄ የጨፈረ ሙልሙሉን ይዞ ነው የሚሄደው። አዲስ መጥረጊያ ገዝቼ የካስኩት ቤት ሳይቀር ዳቦ ያቀብለኛል። አንዱ ዕንቁላል፣ አንዱ አሳ፣ አንዱ ቆጮ። እምቢ ማለት ነውር ነው።

እኔ ደግሞ ነውር አልወድም!

ዐቢይ ጾም ገባ። ዘፈኑ ቆመ፣ ጭብጨባው ቀጠለ፣ ዳቦውም ቀጠለ። በጾሙ አጋማሽ አለቃዬ ወደ እህል መጋዘን ይዞኝ ሄደና የጆንያ ሚዛን ላይ አቆመኝ።

መቶ ኪሎ!

ሁለት ወር ሮጬ ሁለት ኪሎ ጨመርኩ። የዚህ ዓይነት ዳይት ያያችሁ አላችሁ?

አለቃዬ የብስክሌቱን ቁልፍ ተቀበለኝ። የዝውውር ደብዳቤዬን አስተይቦ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ከፋሲካ በኋላ እንደምሄድ ነገረኝ። ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ፣ ሆድ ባሰኝ፣ አንዲት ዳቦ ነበረችኝ በላኋት።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ኦፕሬተሩ ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ ጠራኝ። ወረቀቱን በሁለት እጁ ነው የሰጠኝ።

"ደህና ነኝ። ለፋሲካ እመጣለሁ። ታደሰ።"

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። "ታሟል" የሚል የለበትም። "ቶሎ ድረሱ" የሚል የለበትም። ደህና ነኝ ነው የሚለው!

ብስክሌት የለኝም። ጋሪ አላየሁም። ሮጥኩ!

ከመሃል ከተማ ሃምሳ ሜትር ያህል እንደወጣሁ ነገሩ ብልጭ አለብኝ። ካኪ ለብሻለሁ። ቦርሳ አንግቻለሁ። ወረቀት ይዣለሁ። እሮጣለሁ። እማማ ከሩቅ እንዲህ ሆኜ ካዩኝ እኔ በሩ ጋ ሳልደርስ ልባቸው ይቆማል!

ላጨብጭብ? በአንድ እጄ ወረቀቱን፣ በሌላው ቦርጬን ይዣለሁ።

ዘፈንኩ።

በዐቢይ ጾም፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በአስፋልቱ መሃል፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ የሠርግ ዘፈን! አንዲት ባልቴት አማተቡብኝ። አንዱ "አይ ይሄ ልጅ፣ ዝውውሩ ነው ያሳበደው" አለ። እኔ ግን ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ነው የምዘፍነው። ላንቃሞ ሰው ጭኖ ሲመጣ አገኘኝ። አየኝ። ጾም መሆኑን አሰበ። ካኪውን አየ። ገባው!

"ታደሰ?" አለኝ።

አንገቴን ነቀነቅሁለት። ላንቃሞ ጋሪው ላይ ብድግ ብሎ ቆመ፣ በሲዳምኛ የሠርግ ዘፈን አወጣ፣ የጫናቸውን ሰዎች ሳያወርድ ተከተለኝ። ከወፍጮ ቤት ሰው ወጣ። ከየአጥሩ ሰው ወጣ። እንደዚያን ቀን ሕዝብ ከኋላዬ ሞላ፣ የዛሬው ግን ነጠላውን በወጉ ለብሷል፣ ያጨበጭባል።

እማማ አማረች በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ከሩቅ ሰምተውኛል። እጃቸው ሊጥ በሊጥ ነው።

ቆምኩ። ትንፋሼን ሰበሰብኩ። ወረቀቱን ዘረጋሁ። "እማማ፣ ላንብብልዎ..."

"አታንብብልኝ" አሉ። "ሰምቻለሁ።"

ወረቀቱን በሊጥ እጃቸው ተቀብለው ደረታቸው ላይ ለጠፉት። ከዚያ እልልታቸውን ለቀቁት። ጾሙን የቆጠረ ሰው አልነበረም።

ያን ቀን ያለቀስኩትን ያህል በሕይወቴ አላለቀስኩም። ደስ ብሎኝ ነው!

በማግስቱ አለቃዬ ደብዳቤውን ከመሳቢያው አውጥቶ ፊቴ ቀደደው። የእሱም ወንድም ሰሜን እንዳለ ያን ቀን ነው የነገረኝ። "ብስክሌቱን ግን አትነካም" አለኝ። አልነካሁም። ከዚያ ወዲህ የሰው ቴሌግራም በእግሬ ነው ያደልኩት። ክፉውን እንደ ድሮው በጎረቤት ጆሮ፣ ደጉን እየዘፈንኩ።

ታደሰ ለፋሲካ መጣ። ከሁለታችን የቀጠነው እሱ ነበር። እናቱ በሦስት ወር እኔን አስመሰሉት።

ስለዚህ ዛሬ ሐይቁ ዳር ሆነብኝ እንጂ ሆን ብዬ አይደለም። ወሩ ጾም ነው፣ እግሬ ይሮጣል፣ ጀርባዬ በላብ ረጥቧል። ይህ አካል በጾም ሮጦ የሚያውቀው ትልቅ ሩጫ አንድ ነው። አፌ ምን ያድርግ?

ይህን እየጻፍኩ ስልኬ ጮኸ። ታደሰ ነው። አሁን እሱም አያት ሆኗል፣ የልጅ ልጁ ናት ቪዲዮውን ያሳየችው።

"አንተ፣ በጾም ትዘፍናለህ? ደግሞ ማን በሕይወት ተገኘ?"

"እኔ!" አልኩት።

"ቦርጭህስ?"

"ደህና ነው። ለፋሲካ ይመጣል።"

ሁለታችንም መናገር እስኪያቅተን ሳቅን። በመጨረሻ "እናቴ ብትሰማህ ድገመው ትልህ ነበር" አለኝ። ደገምኩለት። በስልክ፣ ሳሎን ውስጥ፣ ቆሜ። ልታየኝ የመጣችው ሕይወት ከወጥ ቤት ወጥታ አየችኝና ራሷን ነቅንቃ ተመለሰች።

ነገም እወጣለሁ፣ ጫማው አንዴ ተገዝቷል። እየዘፈንኩ ስሮጥ ካያችሁኝ ቅረጹኝ፣ ፈቅጃለሁ፣ ማንም አልሞተም። ዝም ካልኩ ግን ስልኩን አስቀምጡና ቀረብ በሉ።

እጄን ወደ ሰማይ ካነሳሁ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ውሃ ማለቴ ነው!